ክር የማይጨርሰው የስፌት መኪና

በሰማንያ ስምንት ዓ.ም. ልደታ ውስጥ እኔ ሙደሲር ያልጠገንኩት ሬዲዮ ቢኖር ገና ከፋብሪካ ያልወጣው ብቻ ነበር። ስሜ ተክለ ሃይማኖትን አልፎ መርካቶ ገብቷል። ሞቶ የተገነዘ ሬዲዮ አምጥተውልኝ፣ ክዳኑን ሳልከፍተው ድምፄን ብቻ ሰምቶ የዘፈነ አለ። ቁመናዬን አልነግራችሁም፤ ትቀናላችሁ።

ከጥገናው በላይ የምኮራበት ደግሞ ሌላ ሥራ ነበረኝ። ደራሲ ነበርኩ። አግዳሚው ላይ ተራ ለሚጠብቁ ደንበኞቼ ሳይንሳዊ ልብ ወለድ በባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር እየጻፍኩ፣ በሲባጎ አስሬ በሩ ላይ አንጠለጥል ነበር። ያሻው ያነባል፤ ያላሻውም ሬዲዮው እስኪሠራለት ምን አማራጭ አለው?

ታሪኩ እንዲህ ነው። አያንቱ የምትባል ልጅ ሩቅ ፕላኔት ላይ ታስራለች። ያሰሯት ፍጡሮች ጆሯቸው የጉድ ነው፤ በሰማይ የሚያልፈውን ንግግርና ዘፈን ሁሉ ይጠልፋሉ። ታዲያ ለውዷ የምትልከውን ቃል የት ደበቀችው? ጫጫታ ውስጥ! መብረቅ ሲመታ ሬዲዮ ላይ እንደሚንኮሻኮሸው ዓይነት ጫጫታ ውስጥ። «ዘፈን ሰሚ አለው፤ ወሬም ሰሚ አለው፤ ጫጫታን ግን የሚያዳምጥ የለም» ትላለች አያንቱ በምዕራፍ ሁለት። ይህን ዓረፍተ ነገር የጻፍኩ ቀን በራሴ ተደንቄ ሱቄን በጊዜ ዘጋሁ።

ጋሽ አብዱራህማን ከሱቄ አራት በር አልፎ ያሉ ልብስ ሰፊ ናቸው። ሠላሳ ዓመት ፔዳል ረግጠው ጉልበታቸው አልቋል። አንድ ሰኞ እያነከሱ መጡ።

«ሙደሲር፣ ለስፌት መኪና ሞተር ይገጠማል ይላሉ። እግሬ አልታዘዝ አለኝ። ታውቅበታለህ?»

«እኔ? ጋሽ አብዱራህማን፣ እኔ የገጠምኩላት መኪና ክንፍ ቢሰፉላት ተነስታ ቦሌ ታርፋለች!»

ፈገግ እንኳ አላሉም። «ሱሪ መስፋት ከቻለች ይበቃኛል» አሉ። ወሬ የሚያበዛ ሰው አይወዱም። አንድ ሜትር ጨርቅ አንድ ሜትር ነው የሚሉ ሰው ናቸው።

ሞተሩን ይዤ ሄድኩ። ጥግ ላይ ልጃቸው ሀሚዳ ተቀምጣ የቀሚስ ጫፍ ትቀመቅማለች። እናቷ ካረፉ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ከዚያ ወዲህ ስትስቅ ያያት የለም ይባላል። ስገባ ቀና አለች። በቃ፣ ቀና አለች። መርፌዋ አየር ላይ ቆመ። እኔም ቆምኩ። ካቻቢቴው ከእጄ ወድቆ ሲሚንቶው ላይ ሲንቃጨል ነው የነቃሁት።

«ዕቃህ ወደቀ» አለችኝ።

«ሆን ብዬ ነው» አልኳት።

ገጠምኩ። ጋሽ አብዱራህማን ገና ጫን ከማድረጋቸው መኪናዋ እንደ ባቡር ጮኸች፤ የእጅጌያቸውን ጫፍ ስባ ከአንድ ደንበኛ ሱሪ ጋር አጋባችው። በዚያው ቅጽበት ከግድግዳው ማዶ የእትዬ ሠርካዲስ ጩኸት ተሰማ። እትዬ ሠርካዲስ ልደታ ማርያም በር ላይ ጧፍ የሚሸጡ ጎረቤት ናቸው።

«ኧረ ሬዲዮዬ ተቃጠለ! ኧረ ዜናው ነደደ!»

ነገሩ ቀላል ነው። ሞተር ሲዞር ሆዱ ውስጥ ትንንሽ ብልጭታ ይረጫል፤ ብልጭታው ያካባቢውን ሬዲዮ ሁሉ ያንኮሻኩሻል። እሱን የምታፍን ኮንደንሰር የምትባል ባቄላ የምታክል ዕቃ አለች። ያን ቀን ኪሴ ውስጥ ቀረች።

በሦስተኛው ቀን ሀሚዳ የአባቷን ሬዲዮ አቅፋ መጣች።

«መኪናው በተነሳ ቁጥር ይንኮሻኮሻል። አባዬ ጠግነው በይው ብሎኛል።»

«ከሬዲዮው አይደለም፤ ከሞተሩ ነው። ሆን ብዬ ነው እንደዚያ ያደረግኩት።»

«ለምን?»

ደብተሩን ከሲባጎው ፈትቼ አቀበልኳት። ቆማ አነበበች። እኔ የሬዲዮውን ሆድ እያየሁ ነበር፤ ያየሁት ግን መስመር ለመስመር የሚሮጡ ዓይኖቿን ብቻ ነው።

«ይቺ አያንቱ» አለች በመጨረሻ፣ «ጫጫታውን እንዴት አድርጋ ነው ቃል የምታደርገው? አልጻፍከውም።»

«አንባቢ አይጠይቅም ብዬ።»

«እኔ ጠየቅኩ።»

ያኔ ዓይኔ ግድግዳው ላይ አረፈ፤ ስንጥቁን ለመሸፈን የለጠፍኩት የፊደል ገበታ።

«በፊደል ገበታ ነዋ! ረጅሙ ጫጫታ ፊደሉ ከላይ ስንተኛው መስመር ላይ እንዳለ ይናገራል። አጭሩ ደግሞ ከግራ ስንተኛው እንደሆነ። አሥራ አራት ረጅም፣ አራት አጭር... ነ፣ ኑ፣ ኒ፣ ና። 'ና' አለችው ማለት ነው።»

«ና» አለች ቀስ ብላ፣ ገበታው ላይ በጣቷ እየቆጠረች። ከዚያ ዝም አለች። እኔ ዝምታ አልችልም። ያን ቀን ግን ቻልኩ።

በማግስቱ ሰባት ሰዓት ላይ፣ ጋሽ አብዱራህማን ዙህር ለመስገድ መስጊድ ሄደው ሳለ፣ ሱቄ ውስጥ የተከፈቱት ሬዲዮዎች በዜናው መሀል አንድ ላይ ተንኮሻኮሹ። ኽርርርር... ኽርርርር... እርሳስ አነሳሁ። አሥራ ዘጠኝ ረጅም፣ አራት አጭር። «ዋ»። ስምንት ረጅም፣ ሰባት አጭር። «ሾ»።

ዋሾ!

በዚህች ምድር ላይ በስፌት መኪና ጫጫታ ለወንድ ቃል የላከች የመጀመሪያዋ ሴት፣ የመጀመሪያ ቃሏ «ዋሾ» የሚል ነው! ከወንበሬ ወደቅኩ። ስነሳ ግን እየሳቅኩ ነበር።

መልሱን በደብተሩ ላክሁ። «አያንቱ በአሥራ ስድስተኛው ሰማይ አንደኛዋን ኮከብ፣ በአሥራ ዘጠነኛው ሰማይ ሰባተኛዋን ኮከብ አየች» ብዬ ጻፍኩ። «አዎ» ማለት ነው። ሀሚዳ ክር ልትገዛ ስታልፍ በሩ ላይ ቆማ አነበበችው። ቀና ሳትል፣ በከንፈሯ ጫፍ ብቻ ፈገግ ብላ አለፈች። ያን ፈገግታ ለመግለጽ ሌላ ሃምሳ ሉክ ያስፈልጋል።

እንዲህ ሆነን ሰባት ወር ከረምን። እሷ በጫጫታ፣ እኔ በከዋክብት። ፊት ለፊት ስንገናኝ፣ ከአንድ ቀን በስተቀር፣ «ሰላም ነው?» «ሰላም ነው» ተባብለን ከማለፍ ሌላ ከአፋችን ቃል አልወጣም።

አንድ ጥፋት ግን ገና ከመጀመሪያው አጥፍቼ ነበር። እንዲህ ያለ ጥበብ ፈልስፎ ዝም የሚል ሰው ይኖራል? ገበታውን ለሀሚዳ ያስረዳሁ ዕለት ማታውኑ የፊደሎቹን ቁጥር ሠንጠረዥ አሳምሬ ሠርቼ፣ ምዕራፍ ሦስት ብዬ በሩ ላይ ሰቀልኩት። ሀሚዳ ስታየው ፊቷ ልውጥ አለ።

«ሰው ያየዋል እኮ።»

«ልብ ወለድ ነው እኮ! ልብ ወለድን ማን ከቁም ነገር ይቆጥራል?»

አተኩራ አየችኝ። የሆነ ነገር ልትል ከንፈሯን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው።

ግንቦት ላይ ጉድ መጣ። መርካቶ የመጋረጃ ሱቅ ያለው በከር የሚባል ሰው ለሀሚዳ ሽማግሌ ልኮ ኖሯል። መልሱ የሚሰጠው አርብ ነው። ይህን የነገረችኝ ሰኞ ዕለት በጫጫታ ሳይሆን በአንደበቷ፣ ከክር ሱቁ ጥግ ነው።

«እሺ ሊል ነው ወይ አባትሽ?»

«አባዬ እኔን ለመስጠት አልቸኮለም። ግን የጠየቀው አንድ ሰው ብቻ ነው።»

«እኔ ሰባ ሽማግሌ እልካለሁ! ሰባ፣ በሰባ ፈረስ!»

«ሰባ አልፈልግም» አለች። ዓይኗ ውኃ አቀረረ። «ሦስት ይበቃኛል። በእግራቸው።»

እዚህ ላይ እውነቱን ልናገር። ፈራሁ። አባትና እናቴ ያሉት ስልጤ አገር ነው፤ በአራት ቀን ማን ደርሶ ያመጣቸዋል? ደግሞስ አንድ ሜትርን አንድ ሜትር የሚሉ ሰው እኔን ምን ብለው ይለኩኛል? ማክሰኞ አንድ ምዕራፍ ጻፍኩ። ረቡዕ ደግሞ ደብተሬን በብብቴ ይዤ፣ በእኩለ ቀን ታክሲ ተሳፍሬ ሜክሲኮ ሄድኩ። አንድ የመጽሔት ሰው ሊያየው ነው አልኩ። ሰውየው አልነበረም። እኔም እንደሌለ አውቅ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ሱቄን ስከፍት ሦስት ሰዎች አግዳሚዬ ላይ ተቀምጠዋል። እትዬ ሠርካዲስ፣ ባልዲ ሠሪው ሐጂ ኸይሩ፣ እና ፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ማመልከቻ የሚጽፉት ጋሼ ገብረየሱስ። ሬዲዮ አልያዙም። ጋሼ ገብረየሱስ በቀይ ገመድ የታሰረ ፋይል ይዘዋል።

«ትናንት ሰባት ሰዓት ላይ የት ነበርክ?» አሉኝ።

«ሜክሲኮ። አንድ ታላቅ መጽሔት ሥራህን ካላተምን ብሎ እግሬ ላይ ወድቆ...»

«ዝም በል!» አሉ እትዬ ሠርካዲስ፣ በጧፍ ጥቅላቸው ጉልበቴን ጠቅ አድርገው። «ገብሬ፣ አንብብለት።»

ጋሼ ገብረየሱስ መነጽራቸውን አደረጉ። ገመዱን ፈቱ። ክስ እንደሚያነብ ሰው ጉሮሯቸውን ጠራረጉ።

«ጥቅምት ስምንት፣ ሰባት ሰዓት ከአምስት። 'ዋሾ'።»

ፋይሉን ልነጥቃቸው እጄን ዘረጋሁ፤ ሸሸት አደረጉት።

«ጥቅምት አሥራ አራት። 'ሸሚዝህ ተቀዷል'። ኅዳር አራት። 'ሳቄን መለስክልኝ'። ጥር ሃያ። 'ናፈቅከኝ'...»

«የጥር ሃያዋ ዕለት ወጤ አርሮብኛል» አሉ እትዬ ሠርካዲስ ዓይናቸውን እየጠረጉ።

«ማ... ማነው የሰማው?»

«ማን ያልሰማ አለ?» አሉ ሐጂ ኸይሩ። «ከላይ ወፍጮ ቤቱ እስከ ታች ድልድዩ ሰባት ሰዓት ሲሆን ሕፃን አያለቅስም። እኔ ከሶላት ስመለስ ሚስቴ ጽፋ ታቆይልኛለች። የከዋክብቱን ደግሞ ያልገባን እንደሆነ እዚህ መጥተን ከበርህ ላይ እናነባለን።»

«ምስጢር ነበር እኮ!»

«ምዕራፍ ሦስትን በሩ ላይ የሰቀለው ማነው? እኔ ነኝ?»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ያን ሰባት ወር አንድ በአንድ አስታወስኩት። ደህና ሬዲዮ ይዘው እየመጡ «ተበላሽቷል» የሚሉኝ ሰዎች፣ «እንዴት ነው፣ አያንቱ ደህና ናት?» እያሉ የሚጠይቁኝ እናቶች... እኔ ለድርሰቱ መስሎኝ ደረቴን ስነፋ ነው የከረምኩት!

«ታዲያ ለምን አልነገራችሁኝም?»

«ምን ብለን? ስናደምጥህ ከረምን ብለን?» አሉ ጋሼ ገብረየሱስ ቆጣ ብለው። «ነውር አይደለም እንዴ!» ከዚያ የመጨረሻውን ገጽ ገለጡ። ድምፃቸው ቀነሰ። «ትናንት፣ ግንቦት ሃያ አንድ፣ ሰባት ሰዓት ከአምስት። 'ነገ ሽማግሌ ላክ'።»

አንድ የግድግዳ ሰዓት ብቻ ይቆጥራል፤ እሱም የደንበኛ ነው።

«እኔ... አልሰማሁም።»

«እኛ ሰምተናል» አሉ ሐጂ ኸይሩ፣ እየተነሱ። «ኮትህን ልበስ። የተቀደደውን ሸሚዝ እንዳታደርገው፤ ልጅቷ ነግራሃለች።»

ጋሽ አብዱራህማን ሜትር አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ይሰፋሉ። ሦስቱን ሲያዩ መኪናቸውን አቆሙ።

«ቁጭ በሉ።»

«ልጅ ልንለምን መጥተን እንዴት ብለን እንቀመጣለን?» አሉ ጋሼ ገብረየሱስ። «ለሙደሲር ነው። ወላጆቹ ሩቅ ናቸው፤ እኛ ነን አባትና እናቱ።»

ከመጋረጃው ጀርባ የመቀስ ድምፅ ይሰማ ነበር። ተቋረጠ።

ጋሽ አብዱራህማን ሦስቱን ትተው እኔን ብቻ አዩኝ። እንደ ጨርቅ። ከላይ እስከ ታች።

«ለበከር አባት መልስ የምሰጠው ነገ ነው። በከር ጨዋ ልጅ ነው፤ የሚናገረውና የሚሠራው እኩል ነው። አንተን ግን አላውቅህም። ሰባት ወር ሙሉ ስትናገር ሰምቼሃለሁ፤ አንድ እውነት ግን ሰምቼብህ አላውቅም። አሁን አንድ ንገረኝ። አንድ ይበቃል።»

በአፌ ሙሉ መጣልኝ፣ ወላሂ! ሰማይና ምድርን የሚያጋጭ ንግግር ተሰልፎ መጣልኝ። አፌን ከፈትኩ። መጋረጃው ሥር የሀሚዳን ጫማ አየሁ። አፌን ዘጋሁ። እጄን ኪሴ ከትቼ ያቺን ባቄላ የምታክል ዕቃ አወጣሁና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኳት።

«ምንድን ናት?»

«ኮንደንሰር ትባላለች። ሞተሩ እንዳይንኮሻኮሽ የምታደርገው እሷ ናት። ለሰው ሁሉ ሆን ብዬ ነው ያልገጠምኳት እላለሁ። ውሸት ነው። ረስቻት ነው። ሀሚዳ ቀና ብላ አየችኝ፤ የማውቀውን ሁሉ ረሳሁ። ጥሩ ባለሙያ አይረሳም ነበር። ሽማግሌ መላክም ፈርቼ ነው እንጂ ሰው አጥቼ አይደለም። ይኸው።»

በሕይወቴ ይህን ያህል አጭር ንግግር አድርጌ አላውቅም።

ጋሽ አብዱራህማን ኮንደንሰሯን አንስተው በጣቶቻቸው መሀል አገላበጧት። ሲናገሩ ለኔ ሳይሆን ለእሷ የሚነግሯት ይመስሉ ነበር።

«ከሶላት ስመለስ ሞተሩን እነካዋለሁ። እንደ ካውያ ይፈጃል። ክሩን አየዋለሁ። ትቼው እንደሄድኩት ነው። በሠላሳ ዓመቴ ክር የማይጨርስ የስፌት መኪና አይቼ አላውቅም። አንድ ቀን በጊዜ ተመለስኩና በር ላይ ሰማሁት። ጨርቅ የሌለው መርፌ ድምፁ ሌላ ነው፤ ልብስ ሰፊ አይሳሳተውም። ልገባና ልቆጣ እጄን በሩ ላይ አደረግሁ...» ኮንደንሰሯን መልሰው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጧት። «ስትስቅ ሰማኋት። እናቷ ከሞተች እንደዚያ ስቃ አታውቅም። ከዚያ ወዲያ እስክትጨርስ ውጭ እቆማለሁ።»

«በዚህ ጉልበትዎ?» አልኩ።

«በዚህ ጉልበቴ። ሰባት ወር። አንተ ሰው እስክትልክ።»

ከመጋረጃው ጀርባ ሀሚዳ ስታለቅስ ተሰማ። እትዬ ሠርካዲስ ቀድመው ማልቀስ ጀምረው ነበር። ሐጂ ኸይሩ ሰማይ ሰማይ ያያሉ። ዝናብ ሲዘንብ፣ ፀሐይ ሲያናጥር፣ እኔ በኮከብ እየቆጠርኩ ስስቅ፣ እኚህ ሰው ጉልበታቸውን ይዘው በገዛ በራቸው ላይ ቆመዋል!

ዝቅ ብዬ ጉልበታቸውን ሳምኩ። ትከሻዬን ይዘው አነሱኝ።

«ለበከር አባት ነገ ራሴ ሄጄ ይቅርታ እጠይቃለሁ» አሉ። «አንተ አሁን ይቺን ዕቃ ግጠም። ሠርካዲስም ዜናዋን በሰላም ትስማ።»

«ኧረ ምን ሲደረግ!» ብለው ጮኹ እትዬ ሠርካዲስ። «ዜናማ ማታም አለ!»

ተሳሳቁ። ጋሽ አብዱራህማን ሽማግሌዎቹን ሊሸኙ ሲወጡ ካቻቢቴዬን አውጥቼ ሞተሩ ሥር ተንበረከክሁ። ሀሚዳ ዓይኗን እየጠረገች መጥታ መኪናው አጠገብ ቆመች። አሁን ሬዲዮም ደብተርም በመካከላችን የለም። ሁለታችንም አፈርን።

«ትናንት የላክሽውን አልሰማሁትም» አልኳት ቀና ሳልል። «ይቅር በይኝ። ሜክሲኮ ነበርኩ።»

«አውቃለሁ። ደብተርህን ይዘህ ታክሲ ስትሳፈር በመስኮት አይቼሃለሁ።»

ቀና አልኩ።

«አይተሽኝ? ከመላክሽ በፊት?»

«እስክትሄድ ነው የጠበቅሁት። ላንተ ብልክማ ታወራዋለህ እንጂ አታደርገውም።»

«ታዲያ ለማን ነው የላክሽው?»

ሀሚዳ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየች። ጋሼ ገብረየሱስ ፋይላቸውን በብብታቸው ይዘው፣ ከየበሩ ብቅ ብቅ ለሚለው ጎረቤት እጃቸውን ከፍ አድርገው ምልክት ይሰጣሉ። እልልታው ከወፍጮ ቤቱ ጀምሮ ወደ ድልድዩ ይወርድ ነበር።

«ጫጫታን የሚያዳምጥ የለም ያልከው አንተ ነህ» አለችኝ። «እኔ አላልኩም።»

ካቻቢቴው ለሁለተኛ ጊዜ ከእጄ ወደቀ።

«ዕቃህ ወደቀ» አለች።

ሆን ብዬ ነው ልላት አፌን ከፍቼ፣ ተውኩት።